የዱቄቱ ቆዳ፦ ዘይት በኤሌክትሪክ እንዴት ይጠጥራል?

በጥርና በየካቲት፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ፣ ማታ የሱፍ ሹራቡን በጨለማ የሚያወልቅ ሰው ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ልብ ካለውም ጥቃቅን ብልጭታ ያያል። ብርድ ልብሱን ገልጦ የብረት አልጋውን ሲነካ ጣቱን ቆንጠጥ የሚያደርገውም ያው ነው። በሐምሌ ግን ያንኑ ሹራብና ያንኑ አልጋ ይዞ ቢፈልገው አያገኘውም። ልዩነቱን የሚያመጣው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። በክረምት ሱፉም፣ ናይለኑም፣ የራሳችን ገላም ላይ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ያርፋል፤ በፍትጊያ የተጠራቀመው ቻርጅ በዚያ ሽፋን ላይ ተንሸራቶ ያመልጣል። በበጋ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ቻርጁም መሄጃ አጥቶ ብልጭ ብሎ እስኪዘል ድረስ ይከማቻል።

ይህችን ስስ ሽፋን ልብ በሏት፤ የዛሬው ነገራችን በእርሷ ዙሪያ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው መፍሰሳቸውን ትተው የሚጠጥሩ፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ደግሞ በቅጽበተ ዓይን ወደ መፍሰሳቸው የሚመለሱ ፈሳሾች አሉ። ኤሌክትሮርዮሎጂካል ፈሳሽ ይባላሉ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ ጥሬ ዕቃቸው ሁለት ነው፤ ዘይትና ዱቄት። ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ፣ ዱቄቱ ደግሞ በዘይቱ የማይሟሟ መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ ፈሳሹ ይጠጥር አይጠጥር፣ ምን ያህል ይጠንክር፣ ስንት ጊዜ ሳይበላሽ ይቆይ የሚለውን በአብዛኛው የምትወስነው የዱቄቱ ቅንጣት ናት፤ እርሷም ከውስጧ ይልቅ በላይዋ፣ በቆዳዋ።

ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ የማይጠፋው ድንች ይበቃል። ሦስት አራት ድንች ላጡና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እሹት፣ ጭመቁት። ውሃው ይደፈርሳል። ሳትነካኩት ሩብ ሰዓት ያህል ብትተዉት ከሥሩ ነጭ፣ ከበድ ያለ ዝቃጭ ይተኛል። ላዩን ቀስ ብላችሁ ድፉት፤ አዲስ ውሃ ጨምሩና በጥብጡት፤ እንደገና ይዝቀጥ። ውሃው ጥርት ሲል ያንን ነጩን ጨርቅ በለበሰ ሰፌድ ላይ አስጡት፤ ሲደርቅም በጣታችሁ አድቅቁት። ስታርች ማለት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን ሁሉ ሳይደክም ከሱቅ የበቆሎ ስታርች ይገዛል።

ዘይቱ በብርድ የማይረጋ ይሁን። ፓልሙ በእኛ አገር ጠዋት ረግቶ ስለሚገኝ አይሆንም። የኑግ ዘይት ይሆናል፤ ነገር ግን ከመጭመቂያው ቤት በቀጥታ የመጣው የፋጉሎ ደቃቅና እርጥበት ስለማያጣው የተጣራው ይሻላል። በአራት ማንኪያ ዘይት ላይ ሦስት ማንኪያ ስታርች ጨምራችሁ እብጠት እስኪጠፋ አማስሉ። ከማንኪያ ላይ በቀጭኑ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ዘይት ጨምሩ።

አሁን ፊኛ ነፍታችሁ ቋጥሩና በሱፍ ሹራብ ወይም በደረቅ ፀጉር ላይ ደህና አድርጋችሁ ፈትጉት። ድብልቁን ከማንኪያው በቀጭኑ እያወረዳችሁ ፊኛውን ከጎኑ፣ ሳይነካው፣ አስጠጉት። የሚወርደው ክር ወደ ፊኛው ይጎብጣል። ይበልጥ ስታስጠጉት መውረዱን ይተዋል፤ ጫፉ ቆሞ ይቀራል፤ ትንንሽ ፍንጣሪዎችም ከማንኪያው ተነሥተው ፊኛው ላይ ይለጠፋሉ። ፊኛውን አርቁት፤ የቆመው ላልቶ ይወርዳል። ንጹሕ ዘይት ብቻ ብታወርዱ ትንሽ ጎበጥ ሊል ይችል ይሆናል፤ ቆሞ ግን አይቀርም። ሥራው የዱቄቱ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ባልፍ አጥፊ እሆናለሁ። ፊኛው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ቢይዝም የያዘው ቻርጅ ኢምንት ስለሆነ አይጎዳም። የሶኬቱ 220 ቮልት ግን ሰው ይገድላል። ደግሞም ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ትክክለኛው ፈሳሽ የሚፈልገው በአንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ቮልት ነው፤ የሶኬቱ ኃይል የዚህን ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ልጆች ሽቦ ይዘው ወደ ግድግዳው እንዳይጠጉ።

በድብልቁ ውስጥ የተፈጠረው ምንድን ነው? ፊኛው አጠገብ ያለው ቦታ የኤሌክትሪክ መስክ ይባላል። በዚህ መስክ ውስጥ የገባች የስታርች ቅንጣት በድምሩ ቻርጅ ሳይኖራት አንደኛው ጫፏ ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ኔጌቲቭ ይሆናል። ጎረቤቷም እንደዚሁ። የአንዷ ፖዘቲቭ ጫፍ የሌላዋን ኔጌቲቭ ይስባል፤ ሁለት ይያያዛሉ፣ ሦስት፣ መቶ፤ መጨረሻ ላይ ከአንዱ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ቮልቴጅ ከሚሰጠው ብረት፣ እስከ ሌላው የሚደርስ ሰንሰለት ይዘረጋል። በክረምት የሞላ ወንዝ በእግር የሚሻገሩ መንገደኞች ጎርፉ እንዳይወስዳቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚገቡት፤ ዘይቱም ሊፈስ ሲል የሚገጥመው ይህን የመሰለ የተያያዘ ረድፍ ነው። ረድፉን ለመበጠስ ጉልበት ያስፈልጋል። ያ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ፈሳሹ አይንቀሳቀስም። ሰንሰለቱ የሚሠራው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው፤ መስኩ ሲጠፋ የሚላላውም እንዲሁ።

በወንዙ ውስጥ መንገደኛው ጡንቸኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መዳፉ የሚይዝ መሆን አለበት። በቅንጣቶቹም ዘንድ መዳፍ ማለት ቆዳቸው ነው። ሁለት ቅንጣቶች የሚገናኙት በገጻቸው ነው፤ መስኩ ከሁሉ የሚበረታውም በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው። ስለዚህ በዚያች ክፍተት ውስጥ ውሃ አለ ወይስ ዘይት፣ ገጹ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ የሚለው ጥያቄ የሁሉም ነገር መቋጠሪያ ይሆናል።

ይህን ሙከራ ለታላቅ እኅቴ ሳሳያት ፊኛው ላይ ብዙም አልተደነቀችም። ስታርቹን ግን በእፍኟ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። «ይኼማ እርጥበት ይዟል» አለች፤ የጭብጧ ቅርጽ በዱቄቱ ላይ ቀርቷል። «እትዬ፣ እንዲያውም የሚያስፈልገው እሱ ነው» ብላት «እንግዲያ ወፍጮ ቤት ደረቅ እህል አምጡ የሚሉን ለምን ይሆን?» አለችኝ። ለወፍጮው ደረቁ እህል ነው የሚመቸው፤ ለሙከራችን ደግሞ ትንሽ የረጠበው ስታርች። ነገሩ ግር የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ፊኛው ቻርጅ እንዲይዝ አየሩ ደረቅ መሆን አለበት። ስታርቹ ለዚያ ቻርጅ እንዲመልስ ደግሞ በቆዳው ላይ ጥቂት ውሃ መኖር አለበት። ያቺው ውሃ ፊኛው ላይ ጠላት፣ ስታርቹ ላይ ወዳጅ ናት።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውሃ በገጽ ላይ ለቻርጅ መንገድ ይከፍታል። ፊኛው ላይ ያ መንገድ ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁም ወደ መሬት ያስመልጠዋል። በስታርች ቅንጣት ላይ ግን መንገዱ ክብ ነው፤ በዙሪያዋ ዘይት አለ፣ ከዘይቱ አልፎ መሄድ አይቻልም። በውሃው ውስጥ የሟሙት አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ የያዙ አቶሞች፣ መስኩ እየገፋቸው በቅንጣቷ ገጽ ላይ ይሮጡና ጫፏ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ቅንጣቷ ሁለት ጫፍ ያላት የምትሆነው በዚህ ነው። ደርቃ ብትሆን አዮኖቹ ከተቀመጡበት አይነቃነቁም ነበር። ሁለት ቅንጣቶች ሲነካኩ ደግሞ የሁለቱ የውሃ ሽፋን ተገናኝቶ እንደሚያጣብቃቸው የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ።

ልዩነቱን ማየት የሚፈልግ ስታርቹን ለሁለት ይክፈል። ግማሹን ሳይጠቁር በለሰለሰ እሳት ምጣድ ላይ ያድርቀው፤ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ አስገብቶ ያቀዝቅዘው። ከሁለቱ ድብልቅ ሠርቶ ቢያወዳድር የደረቀውን ምላሽ ደከም ብሎ ያገኘዋል። ድንችንና በቆሎን ማነጻጸርም ያው ትምህርት አለው። የድንች ስታርች ተራ አየር ላይ ተቀምጦ ከክብደቱ 18 ከመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ የበቆሎው 12 ወይም 13። የድንቹ ቅንጣት ትልቅ ናት፤ እስከ 100 ማይክሮን ትደርሳለች። የበቆሎዋ 15 ገደማ ናት። የጤፍ ስታርች ቅንጣት ደግሞ ከ2 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ናት። ከጤፍ ዱቄት በቀጥታ ልሞክር የሚል ሰው ግን ተስፋው መጠነኛ ይሁን፤ ዱቄቱ ውስጥ ስታርች ብቻ ሳይሆን ገለባውም፣ ፕሮቲኑም፣ ስቡም አለበት፤ የሁሉም ቆዳ የተለያየ ነው።

ይህን ነገር በመጀመሪያ በደንብ ያየው ዊሊስ ዊንስሎው የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት፤ በ1949 ደግሞ ዝርዝሩን በሳይንስ መጽሔት አወጣ። የሞከራቸው ዱቄቶች የወጥ ቤት ዕቃ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ስታርች፣ ጀሶ፣ ከሰል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሲሊካ ጄል። ሲሊካ ጄልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ ጫማ ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የምትወጣው፣ «አይበላም» ተብሎ የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለው ፍሬ ነው። ከውጭ ሲያዩት ብርጭቆ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳሳ ነው። የአንድ ግራም ሲሊካ ጄል ገጽ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተዘርግቶ ቢለካ፣ 600 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አራት ግራሙ አንድ ጥማድ መሬት ያለብሳል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ፣ ውሃን አጥብቀው የሚይዙ ጫፎች ተደርድረዋል። ዊንስሎው የፈለገው ይህንን ነው፤ የውሃ ሽፋን ተሸክሞ ዘይት ውስጥ የሚቀመጥ ዱቄት።

ግን ውሃ ሲበዛስ? ያኔ አዮኖቹ በራሳቸው ቅንጣት ላይ አይቆሙም፤ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየተሻገሩ ሰንሰለቱን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያደርጉታል። ኃይሉ ለማጠንከር መዋሉ ቀርቶ በከንቱ ይፈስሳል፣ ፈሳሹ ይሞቃል፤ በሞቀ ቁጥርም ይበልጥ ያስተላልፋል፤ ይበልጥ ባስተላለፈ ቁጥር ይበልጥ ይሞቃል። መጨረሻው ብልጭታ ነው። በዘይቱ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ካለ ደግሞ ብልጭታው ከዚያ ይጀምራል። በባሕር ጠለል ላይ አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ኪሎ ቮልት ገደማ ይቋቋማል። ቢቸናና ሞጣ በ2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየራቸው ከዚያ በሩብ ይሳሳል፤ የሚቋቋመውም እንዲሁ ይቀንሳል። ፈሳሹ ሥራውን የሚሠራበት ቮልቴጅ አረፋው ከሚችለው በላይ ነው። በእኛ ከፍታ ይህን ፈሳሽ የሚሠራ ሰው አረፋ ማስወጣቱ ላይ መሳነፍ የለበትም።

የውሃ ሌላው ጣጣ አለመቆየቱ ነው። መኪና ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውሃው ይተንናል፤ ቅንጣቷ ቆዳዋን ትገፈፋለች፤ ፈሳሹም ቮልቴጅ ቢሰጡትም አይሰማም። በደጋ ጠዋትና በአባይ በረሃ ቀትር መካከል የሚመላለስ ዕቃ በውሃ ላይ ተማምኖ ሊሠራ አይችልም። ከዊንስሎው በኋላ ጉዳዩ ለዐሥርተ ዓመታት የተጓተተበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለ ውሃ የሚሠሩ ቅንጣቶች መጡ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ፊሊስኮ የዜኦላይት ዓይነት ማዕድኖችን አድርቆ ሞከረ። በነዚህ ማዕድኖች ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ባይኖርም ከቦታ ቦታ መሄድ የሚችሉ እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች አሉ። በብሪታንያ ደግሞ ኤሌክትሪክን በመጠኑ የሚያስተላልፉ የፕላስቲክ ዓይነቶች ተሞከሩ። ሁለቱም ያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ራሱ አልነበረም ዋናው። ዋናው በቅንጣቷ ላይ ወይም ውስጥ በልክ የሚንቀሳቀስ ቻርጅ መኖሩ ነው። ሲያንስ ቅንጣቷ ትፈዛለች፤ ሲበዛ ታሾልካለች።

አሁን የመጣሁበት ነገር ለጎጃም ገበሬ የቅርብ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዌን ዌይጂያ፣ ፒንግ ሼንግና ባልደረቦቻቸው እስከዚያ ያልታየ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ ሠሩ። ቅንጣቶቹ ከ50 እስከ 70 ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው የባሪየምና የታይታኒየም ውሁድ ናቸው። ቆዳቸው ግን ዩሪያ ነው። አዎ፣ ያው በኩንታል ተጭኖ ወደ ማኅበሩ መጋዘን የሚገባው፣ 46 ከመቶ ናይትሮጅን ያለው ነጩ ማዳበሪያ። ጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ባለው የዩሪያ ልባስ የተሸፈኑት ቅንጣቶች በሲሊኮን ዘይት ተበትነው በአንድ ሚሊ ሜትር 5 ኪሎ ቮልት ሲሰጣቸው እስከ 130 ኪሎ ፓስካል ቻሉ። ይህ ምን ማለት ነው? መዳፍ የሚያህሉ፣ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ብረቶች በመካከላቸው ይህ ፈሳሽ ቢቀባና ወደ ጎን ቢጎተቱ፣ ለማንሸራተት የአንድ ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ይጠይቃል። የተራው የስታርች ፈሳሽ በዚያው ስፋት የሚችለው ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው።

ዩሪያ ለምን? የዩሪያ ሞለኪውል ቻርጁ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ ማጋደሉ ከውሃ ሞለኪውል በሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ሁለት ቅንጣቶች ሲጠጋጉ በመካከላቸው የቀረችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ያሉት የዩሪያ ሞለኪውሎች በመስኩ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ የሚያያይዙትም እነርሱ ናቸው። ምልክቱም ታይቷል። በተራ ፈሳሽ ቮልቴጁን እጥፍ ብታደርጉት ጥንካሬው አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዩሪያው ፈሳሽ ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ይህም በክፍተቱ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከመነሻው መሰለፋቸውን ያሳያል። ዩሪያው ከውሃ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ ዘይቱ ውስጥ ተዘግቶ እስካለ ድረስም ቶሎ አይጠፋም። ዩሪያ ራሱ እርጥበት ወዳድ መሆኑን ግን በሐምሌ የተከፈተ ጆንያ አይቶ የድንጋይ ክምር ያገኘ ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ፈሳሽ ላይ የታየ ሌላ ነገር አለ። ቅንጣቶቹን ዘይቱ ሲያርሳቸውና ሳያርሳቸው ውጤቱ የሰማይና የምድር ያህል ተለያይቷል። ዘይቱ ቅንጣቷን ካልለበሳት ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ጓል ይሆናሉ፤ ጓሉ ውስጥ የተቀበሩት ሥራ ፈት ናቸው። ይህ የወጥ ቤት ችግር ጭምር ነው፤ በርበሬ ዘይት ውስጥ ሲበተንና ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲጓጉል ያየ ሰው ይገባዋል። መፍትሔው ቅንጣቷን ዘይት በሚወድድ ስስ ነገር መቀባት ነው፤ ለምሳሌ በኦሌይክ አሲድ። አንደኛው ጫፉ በቅንጣቷ ላይ ይጣበቃል፤ ረጅሙ ጭራው ወደ ዘይቱ ይዘረጋል። ሲበዛ ግን ቅንጣቶቹ ተቀራርበው እንዳይነካኩ ስለሚከለክል ያጠነክራል የተባለው ያደክማል። እኔን የሚገርመኝ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉ «በልክ» የምትለው ቃል ከየአቅጣጫው ብቅ ማለቷ ነው።

ከጥንካሬ ይልቅ ፋብሪካዎችን ያስቸገረው መዝቀጥ ነው። ድብልቃችሁን በብርጭቆ አድርጋችሁ ብታሳድሩት ጠዋት ስታርቹ ከሥር ተኝቶ፣ ዘይቱ ከላይ ጠርቶ ታገኙታላችሁ። ስታርች ከዘይት ይከብዳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ተመራማሪዎች ይህን ለመቀነስ ገጻቸው እሾሃማ ወይም አባጣ ጎርባጣ የሆኑ ቅንጣቶችን ይሠራሉ። ሻካራው ገጽ ዘይቱን ይዞ ስለሚያዘግም አዘቃቀጡ ይዘገያል፤ ሰንሰለት ሲሠራም አንዷ በሌላዋ ላይ ስለማትንሸራተት ይጠነክራል።

ቅንጣቷ በቆዳዋ ላይ የራሷ የሆነ ቻርጅ ካላትስ? በቋሚው ኤሌክትሪክ፣ ማለትም በባትሪ ዓይነቱ፣ ሁሉም ወደ አንደኛው ኤሌክትሮድ ይሰደዳሉ። በአንድ በኩል ደለል፣ በሌላው ባዶ ዘይት ይቀራል፤ ሰንሰለቱም ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሙከራዎች ላይ አቅጣጫውን የሚቀያይረው ኤሌክትሪክ ይመረጣል፤ ቅንጣቷ ወደ አንዱ ስትነሣ ይመልሳታል።

የገጽ ቻርጅ ሲባል ከቢቸና አጠገብ ያለውን ጥቁር አፈር ማንሣት ግድ ነው። ዋልካው በክረምት እግር ይዞ የማይለቀው፣ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ስስ የሸክላ ንጣፎቹ በገጻቸው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ነው። ያ ቻርጅ አዮኖችንና ውሃን በንጣፎቹ መካከል ሰብስቦ ያስገባል፤ አፈሩ ያብጣል። ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል። የዚህ ቤተሰብ የሆነ ሸክላ ተዘጋጅቶ በሲሊኮን ዘይት ሲበተን በኤሌክትሪክ መስክ ሰንሰለት እንደሚሠራ በኖርዌይ ትሮንድሃይም ዮን ኦቶ ፎሱምና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። የእርሻውን ዋልካ እንዳለ ዘይት ውስጥ መጨመር ግን ጭቃ ከመሥራት አያልፍም፤ መድረቅ፣ መፈጨት፣ መወንፈት፣ እርጥበቱም መለካት አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፈሳሹ የት ነው ያለው? ለመኪና ሾክ አብዞርበር፣ ለፍሬንና ለፍሪሲዮን ታስቦ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ላይ የተገጠመው ግን ዘመዱ ነው፤ በኤሌክትሪክ ፋንታ በማግኔት የሚጠጥረው፣ የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ። ያኛው ሺህ ቮልት አይፈልግም፤ በመኪናው ባትሪ ይሠራል፤ ለጥቂት እርጥበትም አይደነግጥም። እርሱም ቢሆን የብረቱ ቆዳ እንዳይዝግ መቀባት አለበት።

ማንም ሳይፈልገው የሚከሰተው የኤሌክትሪኩ ሰንሰለት ግን በየከተማችን ምሰሶ ላይ ሊገኝ ይችላል። በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት የሚመጣውን መስመር ወደ 380 እና 220 ቮልት የሚያወርደው ትራንስፎርመር በዘይት የተሞላ ነው። ዘይቱ በውስጡ ያሉትን የሽቦ ጥቅሎች ያቀዘቅዛል፣ ኤሌክትሪክ እንዳይሻገርባቸውም ይለያቸዋል። ጥቅሎቹ በወረቀት የተጠቀለሉ ናቸው፤ ከወረቀቱ ጥቃቅን ጭረት በጊዜ ብዛት ይረግፋል። ደረቅ ጭረት ብዙም አይጎዳም። እርጥበት የጠጣ ጭረት ግን በመስኩ ውስጥ ልክ እንደ ስታርቻችን ሁለት ጫፍ አውጥቶ ይሰለፋል፣ ይያያዛል፤ ከአንዱ ጥቅል እስከ ሌላው ድልድይ ይሠራል። ኤሌክትሪኩ በዚያ ድልድይ ይሻገራል። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ባለሙያዎች ይህን የሚከታተሉት ከዘይቱ ናሙና ወስደው 2.5 ሚሊ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል በማስቀመጥ፣ ብልጭ እስኪል ቮልቴጁን ቀስ በቀስ በመጨመር ነው። አዲስ ዘይት ሳይጣራ እንኳ ቢያንስ 30 ኪሎ ቮልት መቻል አለበት፤ ተጣርቶና ደርቆ 70። እርጥብ ጭረት ያለበት ዘይት ቁጥሩ ያሽቆለቁላል።

እርጥበቱ እንዳይገባ የሚጠብቀው ዘብ ደግሞ የዊንስሎው ዱቄት ነው፤ ሲሊካ ጄል። ቀን ሲሞቅ የትራንስፎርመሩ ዘይት ይሰፋል፤ ሌሊት በደጋው ብርድ ይኮማተርና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ትልልቆቹ ትራንስፎርመሮች ይህን አየር የሚስቡት ሲሊካ ጄል ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አሳልፈው ነው። ጄሉ ደረቅ ሳለ ሰማያዊ ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። ሰማያዊነቱን የሚሰጠው የኮባልት ጨው መርዛማ ስለሆነ አዲሶቹ ከብርቱካንማ ወደ አረንጓዴ የሚቀየሩ ናቸው። ቀለሙ የተቀየረ ጄል አይጣልም፤ 120 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ውሃውን ለቅቆ ቀለሙ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞላል። ሮዝ ሆኖ ክረምቱን በሙሉ የከረመበት ትራንስፎርመር ግን ጄሉን መቀየር ብቻውን አይበቃውም፤ ዘይቱ መጣራት፣ መሞቅና በቫኪዩም እርጥበቱ መውጣት አለበት፤ ወረቀቱ የጠጣው ውሃ ደግሞ ወደ ዘይቱ የሚመለሰው ቀስ እያለ ስለሆነ ማጣራቱ አንዴ ተደርጎ አያልቅም።